ለዲኤክሴ የዙር ሰዓት ፍለጋ፦ ድሬ ላይ የሞከርኳቸው ዕቃዎች

አቦ፣ ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ የመኪና ተወዳዳሪ አይደለሁም። መኪናዬ ከአባቴ የወረስኳት ኮሮላ ዲኤክስ ናት። 1300 ሲሲ ሞተር፣ ካርቡራቶር፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ። ድሬ ውስጥ ትራክ የሚባል ነገር የለንም። ያለን የአንድ ጓደኛችን አጎት የመጋዘን ግቢ ነው። እሁድ ባዶ ስለሚሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይፈቅዱልናል። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ፀሐዩም አይፈቅዱም። አሸዋ የሞላ ጀሪካንና ያረጀ ጎማ ደርድረን ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዙር አወጣን። ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይገባል፣ ሄልሜት ያላደረገ አይነዳም፣ የቀረነው አጥሩ ጥግ ሻይና ሳምቡሳችንን ይዘን እንቀመጣለን።

ታዲያ ሦስት ሰው መኪና ይዞ አንድ ቦታ ከተገናኘ ክርክር አይቀርም። ማን ፈጠነ? መጀመሪያ ላይ ጎረቤቴ በስልኩ ስቶፕዋች ይይዝልን ነበር። አንዱን 52 ሰከንድ፣ ሌላውን 51.8 ይለዋል። የተሸነፈው «ለኔ ዘግይተህ ነው ያቆምከው» ይላል። ደግሞ እውነት አለው። ጣት ሲያስጀምርም ሲያቆምም ትንሽ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁለት ሦስት አሥረኛ ሰከንድ በቀላሉ ይሄዳል። የኛ ጠብ ደግሞ በሙሉ እዚያች ሁለት ሦስት አሥረኛ ውስጥ ነው ያለው። በዚህ ምክንያት ዕቃ ፍለጋ ገባሁ። ስምንት ወር ሆነኝ፣ ገንዘብም በላ፣ ቢያንስ የሚቀጥለው ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው የምጽፈው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ይህን ወሬ የሰማ ሁሉ «ለምን ደንገጎ ላይ አትለኩም? የተዘጋጀ ኩርባ አለላችሁ» ይለኛል። ኩርባው እውነት ያምራል። ግን እዚያ መንገድ ላይ ከአወዳይ የሚወርድ የጫት መኪና አለ፣ ኢሱዙ አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ ፍየል አለ፣ ደብተር የያዘ ልጅ አለ። የሕዝብ መንገድ ላይ ሰዓት ሊይዝ ያሰበ ሰው እዚህ ጋ ማንበብ ያቁም። የምጽፈው ለተዘጋ ግቢ ነው።

የጀመርኩት በነጻው ነገር ነው። ስልክና አፕ። ሬስክሮኖ የሚባለውን ጫንኩ፣ ከኖኪያ ሲምቢያን ዘመን ጀምሮ ያለ የፊንላንድ ሥራ ነው። ሃሪስ ላፕታይመርም አለ፣ እሱ የጀርመን ነው፣ በደረጃ በደረጃ ይሸጣል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ እኔ ሬስክሮኖ ላይ የቀረሁት እጄ ስለለመደው ነው። የኛ ግቢ በአፑ የትራኮች ዝርዝር ውስጥ እንደማይኖር ግልጽ ነው። ችግር የለም፣ አንድ ዙር ቀስ ብለህ ትነዳና መነሻ መስመሩን ራስህ ካርታው ላይ ታስቀምጣለህ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአብዛኛው ስልክ ጂፒኤስ ቦታውን የሚናገረው በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። አንድ ሄርዝ ማለት ይሄ ነው። በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ከ19 ሜትር በላይ ትሄዳለህ። ስለዚህ ስልኩ የሚያውቀው በየ19 ሜትሩ ያለውን ነጥብ ብቻ ነው፣ መሀሉን አፑ በግምት ይሞላዋል። ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ከሄድክ ግምቱ ያን ያህል አይከፋም። እንደኛ ያለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግን በ19 ሜትር ውስጥ ፍሬን ይዘህ፣ ማርሽ ቀንሰህ፣ ዞረህ፣ እንደገና ነዳጅ ሰጥተሃል። ስልኩ ይሄ ሁሉ ሲሆን አላየም። ካርታው ላይ ያለፍኩበት መስመር ሲታይ ሦስተኛዋን ኩርባ በጀሪካኖቹ ላይ ቆርጬ ያለፍኩ ይመስላል። ከስቶፕዋቹ ጋር ሳስተያየው አንዳንዱ ዙር ላይ ግማሽ ሰከንድ ይለያያል። በዚህማ ከጎረቤቴ ጣት ጋር መኖር ይሻላል።

ሁለተኛው ጣጣ ሙቀት ነው። ይሄን የውጭ አገር ሰው ሲጽፍ አታገኙትም። ስልክ ሠሪዎች ራሳቸው ገደብ ያስቀምጣሉ። አፕል ለምሳሌ አይፎን የሚሠራበትን የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው የሚለው። ድሬ በግንቦትና በሰኔ 35ን ጥላ ሥር ሆና ታልፋለች። የፊት መስታወት ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት፣ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን፣ ጂፒኤስና ብሉቱዝ በርቶ ስልክ ምን እንደሚሆን አስቡት። የኔው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስክሪኑን አጨልሞ ተኛ። ከዚያ የባሰው ማጣበቂያው ነው። ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛሁት ባለ ጎማ መያዣ በሙቀቱ ለሰለሰና ኩርባ መሀል ላይ ስልኩን ይዞ ወደቀ። የት? ፍሪሲዮን ሥር። እግሬን ወደ ታች ስሰድ ጠንካራ ነገር ተሰማኝ። ቀስ ብዬ በማርሽ አቆምኩ፣ ልቤ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥር ደቂቃ አልቆመም። ከዚያ ቀን ወዲህ በመኪናው ውስጥ ያልታሰረ ነገር ይዤ አልገባም። ዕቃ ስትመርጡ ስለ ሄርዝ ከመጠየቃችሁ በፊት «ይሄን የት አስረዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ቁም ነገሩ ስገባ፣ የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚኖረው። ዱባይ አውቶድሮም በሚባለው ትራክ ላይ ለአማተር በሚከፈተው ቀን ይነዳል። ትልቁ ዙር 5.39 ኪሎ ሜትር ነው፣ የኛን ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ለዕረፍት ሲመጣ አይም ሶሎ 2 የሚባለውን ይዞ መጣ። የጣሊያን ኩባንያ ሥራ ነው። ራሱን የቻለ ሳጥን ነው፦ ስክሪን አለው፣ ባትሪ አለው፣ ጂፒኤሱ በሰከንድ 10 ጊዜ ያነባል፣ ዳታውን ራሱ ላይ ይይዛል፣ በዋይፋይ ወደ ኮምፒውተር ያወርዳል። ስልክ አያስፈልገውም። ትራኩ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከሳተላይት ያለበትን አውቆ ራሱ ይመርጣል። የኛን ግቢ እንደ አዲስ አስገባነው።

ወደድኩት። ዋናው ነገሩ በጓንት የሚጫን ቁልፍ አለው፣ ስክሪኑ በፀሐይ ይነበባል፣ እየነዳህ ሳለ ከምርጡ ዙርህ ጋር ሲነጻጸር አሁን ምን ያህል እንደቀደምክ ወይም እንደዘገየህ ያሳይሃል። በነገራችን ላይ ይህን ቁጥር እየነዳችሁ አትዩት። እኔ አንዴ አየሁት፣ አንድ ጎማ ገጨሁ። ሶፍትዌሩ ሬስ ስቱዲዮ 3 ይባላል፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሲከፈት የአውሮፕላን ክሩስኮቶ ይመስላል። ለመልመድ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን የማይነግርህ ነገር የለም። ዋጋው ወደ 400 ዶላር ገደማ ነው። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ዲኤል የሚባለው ደግሞ ወደ 700 ይጠጋል። ዶላር ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ ይሄን በብር ማባዛት ያማል። ዕቃው እንደ አክስቴ ልጅ በየሳምንቱ 5 ኪሎ ሜትር ዙር ላይ ለሚውል ሰው ነው የተሠራው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የሌላት ዲኤክስ ላይ ለ700 ዶላሩ ምን ላገናኘው? ከካርቡራቶሩ ጋር?

የገዛሁት ሬስቦክስ ሚኒ ነው። የቡልጋሪያ ዕቃ ነው፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ሳጥን። ስክሪን የለውም። ሥራው አንድ ነው፦ ቦታህን በሰከንድ 25 ጊዜ አንብቦ በብሉቱዝ ለስልክህ መስጠት። በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነጥቦቹ መሀል ያለው ርቀት ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ይሆናል። ከ19 ሜትር ጋር አስተያዩት። የፍጥነት ለውጥና የጎን ግፊት የሚለካ ሴንሰርም ውስጡ አለ። ከሬስክሮኖም ከሃሪስም ጋር ይግባባል፣ የራሱም አፕ አለው። አይፎንም አንድሮይድም ይቀበለዋል። ዋጋው 200 ዶላር አካባቢ ነው፤ አሁንም ብር ነው፣ ግን የሶሎውን ግማሽ ነው።

ስክሪን አለመኖሩ ለኔ ጥቅም ሆኖልኛል። ሳጥኗን ክሩስኮቶው ጫፍ ላይ ሰማይ በሚታይበት ቦታ በጠንካራ ቬልክሮ አጣበቅኳት። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ዚፕ ዘግቼ አስቀመጥኩት። ፀሐይ አይነካውም፣ አይወድቅም፣ እኔም አላየውም። ዙሬን ጨርሼ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ነው የምከፍተው። ጉድለቱ ሚኒው ዳታውን የሚያስቀምጠው ስልኩ ላይ መሆኑ ነው፣ ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ የነዳኸው ሁሉ አልተመዘገበም። ሚኒ ኤስ የሚባለው ራሱ ውስጥ ማስታወሻ አለው። ልዩነቱን መክፈል የምትችሉ ከሆነ ኤሱን ውሰዱ፣ እኔ ቆጥቤ ቆጨኝ።

የአክስቴ ልጅ ከመመለሱ በፊት አንድ እሁድ ሦስቱንም አንድ ላይ ዲኤክስ ላይ ጫንናቸው። ሶሎ፣ ሬስቦክስ፣ ብቻውን የሚሠራ ሌላ ስልክ። ጎረቤቴም ስቶፕዋቹን ይዞ ቆመ፣ ሥራው እንዳይወሰድበት። 12 ዙር ነዳሁ። ሶሎና ሬስቦክስ በአብዛኛው ዙር ከአምስት መቶኛ ሰከንድ በላይ አልተለያዩም። ጎረቤቴ ከነሱ በሁለት አሥረኛ አካባቢ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ለሰው ጣት ጎበዝ ነው። ብቻውን ያለው ስልክ ከሁሉም የራቀ ነበር። ለኔ ጥያቄው እዚያ ጋ ተዘጋ። ከ10 ሄርዝ ወደ 25 ያለው ልዩነት ለሰዓቱ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው፣ ከ1 ወደ 10 ያለው ነው ሰማይና ምድር። 25ቱ የሚጠቅመው ኩርባ ውስጥ የሄድክበትን መስመር ስታይ ነው።

አሁን በነጻ የሚገኝ ምክር። መነሻና መድረሻ መስመራችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ ከዕቃው እኩል ዋጋ አለው። እኛ መጀመሪያ ያስቀመጥነው ዛፉ ጋ ነበር፣ ጥላ ስላለው ብቻ። ቦታው ግን ከጠባብ ኩርባ መውጫ ላይ ነው፣ መኪናው እዚያ ሲደርስ በ25 ኪሎ ሜትር ነው የሚያልፈው። ጂፒኤስ አንድ ሜትር ቢሳሳት በዚያ ፍጥነት ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በላይ ስህተት ነው። መስመሩን ወደ ቀጥታው መሀል፣ 65 ወደምንደርስበት ቦታ ስናዛውረው ያችው አንድ ሜትር ወደ ግማሽ አሥረኛ ወረደች። ዕቃ ሳይቀየር፣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ቁጥሩ ረጋ አለ። ለጥላ ብለን ሁለት ወር ስንከራከር ነበር።

ሌላው ትዕግሥት ነው። ሳጥኑን አብርቶ ወዲያው መንዳት አይሆንም። ሰማይ ሥር አስቀምጡት፣ ሳተላይቶቹን እስኪሰበስብ ጥቂት ደቂቃ ስጡት፣ እስከዚያ የጎማ ንፋስ እዩ። የመስታወት ማጥቆሪያ የለጠፈ ሰው ይጠንቀቅ፣ ብረት ያለበት ዓይነት ከሆነ ሲግናሉን ያዳክመዋል። ማስታወቂያው ላይ «10 ሴንቲ ሜትር» የሚል ስታዩም ቶሎ አትመኑ። አሜሪካና አውሮፓ ጂፒኤስን የሚያርሙላቸው የራሳቸው ሳተላይቶች አሏቸው፣ የነሱ ሽፋን እኛ ጋ አይደርስም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት ላይኛው ከባቢ አየር ይረበሻል፣ የሳተላይት ሲግናልም አብሮ ይረበሻል። ስለዚህ ጠዋት መንዳታችን ለሙቀቱም ለጂፒኤሱም ደግ ሆነ። አስበን ያደረግነው እንዳይመስላችሁ።

እስካሁን ስለ ሰዓት አወራሁ። ሰዓቱ ግን የሚነግርህ ማን እንደፈጠነ ነው፣ ለምን እንደፈጠነ አይነግርህም። ይሄን ያስተማሩኝ አንድ ሐረር ላይ ለዓመታት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። የጓደኛዬ አባት ናቸው። ፔጆ 404 አላቸው፣ ያው የሐረሩ ታክሲ፣ ፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ስትሠራው የነበረው፣ 1.6 ሊትር። ልጃቸው «አባዬ ና እይ» ብሎ አመጣቸው። ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ተመለከቱን። ከዚያ «ልጄ፣ ይቺን ሳጥን እኔም ጋ ለጥፋት» አሉኝ። ሄልሜቱ አናታቸው ላይ አልገባ ብሎ ብዙ ታገልን።

አምስት ዙር ነዱ። ጎማው አልጮኸም፣ አቧራ አልተነሳም፣ ከውጭ ለሚያይ ወደ ገበያ የሚሄዱ ይመስላሉ። ምርጥ ዙራቸው 55.1 ሆነ። የኔ የዚያን ቀን ምርጥ 52.3 ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ማታ ቤት ገብቼ የሁለታችንን የፍጥነት ግራፍ አንዱን በአንዱ ላይ ሳስቀምጠው ደረቴ ተነፈሰ።

ሦስተኛዋ ኩርባ አለች፣ ቅርጿ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ እኛ ሳምቡሳ ነው የምንላት። የኔ መስመር ወደ ሳምቡሳ ስትደርስ ከ60 ቀጥ ብላ ገደል ትገባለች፣ እስከ 19 ትወርዳለች፣ ከዚያ እየተንፈራገጠች ትወጣለች። የሳቸው መስመር ቀደም ብላ ትጀምርና እንደ ጎድጓዳ ሳህን ዝቅ ብላ 27 ላይ ትመለሳለች። ያ 1.6 ሊትር አሮጌ መኪና ከሳምቡሳ ሲወጣ ከኔ በ8 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል! ቀጥታው ላይ እኔ ጨክኜ ስለምረግጥ እደርስባቸውና አልፋቸዋለሁ እንጂ ኩርባ ውስጥ በልተውኛል። ካርታውን አየሁት። እኔ ቶሎ ወደ ውስጥ እገባና ጀሪካኑን ታክኬ ልዞር እሞክራለሁ። እሳቸው ዳር ይዘው መጥተው፣ ሰፋ አድርገው፣ ዘግይተው ነው የሚዞሩት። የሚሄዱበት ክብ ከኔ እጥፍ ያህል ይሰፋል። ክቡ እጥፍ ሲሰፋ ያው ጎማ የሚችለው ፍጥነት በ1.4 ያህል ይባዛል። 19ን በ1.4 አባዙት፣ 27 አካባቢ ነው የምትደርሱት። የፊዚክስ መምህሬ ያኔ ይሄን በፔጆ ቢያስረዱኝ ኖሮ።

በሳምንቱ በስልክ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ሳምቡሳ ላይ ምን አድርገው ነው?» አልኳቸው። «ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ ፍሬን ዕድሜ ልክ አይቆይም፣ የፍሬን ሸራ ደግሞ ውድ ነው» አሉኝ። ደግሞ ጨመሩልኝ፣ «እናንተ ጋ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ሐረር ላይ ታፍኖ ነው የሚውለው።» ትክክል ናቸው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ አንድ አሥረኛ ጉልበቱን ያጣል። ሐረርና ድሬ የተመዘገበ ሰዓት እያስተያያችሁ የምትጣሉ ካላችሁ ይሄን ቁጠሩበት። እኔ ሳምቡሳን እንደሳቸው ሰፋ አድርጌ መዞር ስለምድ በሦስተኛው እሁድ 51.4 ገባሁ። ጎማም አልቀየርኩም፣ ካንዴላም አልነካሁም።

ስለዚህ አፕ ስትመርጡ ሁለት ዙር አንዱን በአንዱ ላይ ማስተያየት ይችል እንደሆነ እዩ። ሬስክሮኖ ይችላል። ለመጀመር ነጻው በቂ ነው፣ ብዙውን ነገር የሚከፍተው ፕሮ የሚባለው ነው፣ አንዴ ከፍለህ ያንተ ይሆናል። ለመክፈል የውጭ ካርድ ያለው ሰው ፈለግኩ፣ እዚያው የአክስቴ ልጅ ጋ ተመለስኩ።

ኦቢዲ ላይ የወጣው ብር ብቻ ነው የሚቆጨኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ትንሽ ዕቃ ትሰካለህ፣ የሞተሩ ዙር፣ የነዳጅ መርገጫው፣ የውሃው ሙቀት ሁሉ ከጂፒኤሱ ጋር አብሮ ይመዘገባል። የኔ ዲኤክስ ሶኬቱ ጭራሽ የላትም፣ ስለዚህ ለጓደኛዬ ቪትዝ ብለን ከዚሁ ከድሬው ታይዋን ገበያ አንዱን ርካሽ ገዛን። ላዩ ላይ «ኢኤልኤም 327፣ ቨርዥን 1.5» ይላል። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ዋናውን ቺፕ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረው የካናዳ ኩባንያ 1.5 የሚል ቨርዥን አውጥቶ አያውቅም። ቅጂ ነው። አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ሲገናኝም የቆየ መኪና ላይ ዳታው የሚመጣው በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ነው፣ አዲሱ ካን የሚባለው መስመር ያላቸው መኪናዎች ላይ ነው የሚፈጥነው። ደግሞ የድሮው ብሉቱዝ ያለው ዓይነት ከአይፎን ጋር አይሠራም። ለጀማሪ አያስፈልግም፣ ተዉት። ጂፒኤሱ ብቻ ከበቂ በላይ የቤት ሥራ ይሰጣችኋል።

ጂፒኤሱን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ፣ መኪና አይመርጥም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አሁን የሚመጣልን ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም፣ ቦታና ፍጥነት ግን ያው ቦታና ፍጥነት ነው። አንድ ቀን ሳጥኗን ባጃጅ ላይ አሰርናት። 1 ደቂቃ ከ19። ሹፌሩ እስከ ዛሬ ይኮራበታል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። ጋርሚን ካታሊስት አለ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 1,000 ዶላር ዋጋ ተቆርጦለት የወጣ፣ ካሜራ ያለው፣ የነዳኻቸውን ዙሮች ምርጥ ምርጥ ቁራጭ ገጣጥሞ ሊደረስበት የሚችለውን ሰዓት የሚያሳይና በድምፅ የሚመክር። አሠልጣኝ ለሌለው፣ ገንዘብ ላለው፣ ትልቅ ትራክ ለሚነዳ ሰው ሳያስደስት አይቀርም። ለጀሪካን ዙር ግን በሬ አርዶ ጥብስ ለአንድ ሰው ነው። ድራጊ የሚባለው በዋናነት ከ0 እስከ 100 በስንት ሰከንድ ለሚሉ ነው የተሠራው፣ ዲኤክስ ላይ ያን ጥያቄ ባልጠይቅ እመርጣለሁ። በካርቲንግ ውድድር የሚታየው ማይላፕስ ትራንስፖንደር (መኪናው ላይ የሚታሰር ምልክት ሰጪ) ከሁሉም ይበልጥ ትክክል ነው፣ ግን አስፋልቱ ሥር የሚቀበር ሽቦና መቀበያ ይፈልጋል። አጎትየውን አስፋልቱን ልቆፍር ብላቸው ሻዩም ይቀርብኛል።

የሚገዛ ካለ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፈልጉ፣ ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ሲደርስ በመጀመሪያ ሶፍትዌሩን አድሱ። ማጣበቂያውን እዚሁ ቬልክሮ ግዙ፣ ሙቀቱን ይችላል። ዙር ከመጀመራችሁ በፊት ክሩስኮቶውን በአልኮል ጥረጉ፣ የድሬ አቧራ ካለ ምንም አይይዝም።

የኦቢዲዋን ቁራጭ ለመካኒኬ ሰጠሁት። አዲስ ያሪስ ሲመጣለት ይሰካና የሞተሯን መብራት ኮድ ያነብበታል፣ ለዚያ ትሠራለች አለኝ። ጋሼ ደግሞ ያቺን የሳምቡሳዋን ግራፍ በወረቀት አትምልኝ ብለውኛል፣ ሐረር ላሉት ጓደኞቻቸው ሊያሳዩ። በቀለም ነው ያሉኝ፣ የሳቸው በሰማያዊ፣ የኔ በቀይ። ቅዳሜ ይዤላቸው እወጣለሁ።